እትብት የተቀበረበት

ሰው የትውልድ ስፍራውን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል። ዛሬ ግን በሠለጠነው ዓለም አንዳንዱ የእትብት ደም ወደ አፈር ሳይሆን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ወደሚቀዘቅዝ የፈሳሽ ናይትሮጅን ጋን ይገባል። ለመሆኑ ይህ ደም የማን ነው?

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ፓሪስ ውስጥ ነው። በሴንት ሉዊስ ሆስፒታል ኤልያን ግሉክማን የተባሉት ሐኪም፣ በዘር የሚተላለፍ ከባድ የደም በሽታ ለነበረበት ልጅ ከታናሽ እኅቱ እትብት የተወሰደ ደም ሰጡት። ልጁም ዳነ። በእትብት ደም ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ፣ ሌላውን የደም ሕዋስ ሁሉ የሚወልዱ ሕዋሳት አሉ። ውሃቸው በረዶ ሆኖ እንዳይቀድዳቸው መከላከያ ፈሳሽ ይጨመርባቸውና፣ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ቀስ ተብሎ ይቀዘቅዛሉ።

ማከማቻው ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ወላጅ ከፍሎ ለቤተሰቡ ብቻ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ደሙን ለሚስማማው በሽተኛ ሁሉ በነፃ ይተዋል። እኔ የመጀመሪያውን አልነቅፍም፤ የወላጅ ፍቅር ነው። በቤት ውስጥ የታመመ ወንድም ወይም እኅት ካለማ ማስቀመጥ ይገባል። ዳሩ ግን በዘር የመጣ የደም በሽታ ያለበትን ልጅ የገዛ ደሙ አያድነውም፤ ጉድለቱ በተቀመጠውም ውስጥ አለና። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2017 ለሕዝብ ማከማቻ መስጠት እንደሚሻል መክሯል።

ለኛ ነገሩ ይብሳል። የሚስማማ ሰጪ በአብዛኛው የሚገኘው ከአንድ የዘር ግንድ ነው። በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአሜሪካ መዝገብ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚስማማ ሰጪ የማግኘት ዕድል አውሮፓዊ ዝርያ ላላቸው ነጮች 75 በመቶ ሲሆን፣ ለአፍሪካ አሜሪካውያን 19 በመቶ ነበር። በዋሽንግተን የሚኖር ሐበሻ ቢታመም፣ ተስፋው ሌላ ሐበሻ በሰጠው ላይ ነው።

ዕቁብ የከፈሉት ተራ ሲደርስ ይመለሳል። የዕድር መዋጮ ግን ሐዘን ወደ ደረሰበት ቤት ይሄዳል፤ ዕድርተኛም የከፈለው ወደ ደጁ እንዳይመለስ ይጸልያል። የእትብት ደም ለኔ የዕድር ገንዘብ ነው።

«ሰጥቼ የኔው ልጅ ቢታመምስ?» የሚል ወላጅ አለ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ያን ቀን ያ ወላጅ የሚፈልገው፣ የማያውቀው ሰው ሳይቆልፍ የተወውን ደም ነው። ሁላችንም ከቆለፍን ከማን እንጠይቃለን?