አጅር ከአላህ ነው፤ ደመወዝስ ከማን?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት «ደከመኝ» ስትል ከወላጅም ከአሠሪም የምትሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሶብር አድርጊ፣ አጅርሽን ከአላህ ታገኛለሽ!» ቃሉ እውነት ነው። ተናጋሪው ማን ነው ብለን ግን እንጠይቅ። አሠሪ አላህ (ሱ.ወ) የሚከፍለውን አጅር እየጠቀሰ የራሱን ዕዳ ሊያወራርድ ይችላልን?

እስቲ ሥራዋን ልብ እንበል። አንዱ ያለቅሳል፤ ሌላው ሱሪውን አርጥቧል፤ የአንዷ ምሳ ዕቃ ተደፍቷል፤ ሁለቱ በአንድ እርሳስ ተያይዘዋል። እርሷ በዚህ ሁሉ መሐል ፈገግ ማለት አለባት። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት፣ ለደመወዝ ሲባል ስሜትን መግራት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን በአውሮፕላን አስተናጋጆች አሳይተዋል። አስተናጋጇ እንኳ መንገደኛው ሲወርድ ታርፋለች። የእኛዋ መምህርት ሽንት ቤት ለመሄድ ልጆቹን የሚጠብቅላት ሰው መለመን አለባት! በ2002 ዓ.ም አገር አቀፉ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ኦ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በስፋት ተከፍቷል፤ መከፈቱ መልካም ነው፤ በብዙ ቦታ ግን ያን ሁሉ ሕፃን የያዘችው አንዲት ሴት ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከሥራ ጭንቀት የሚመጣውን መታከት በሽታ ሳይሆን የሥራ ቦታ ክስተት ብሎ መዝግቦታል። እንግዲህ መፍትሔው በመምህርቷ ልብ ውስጥ ብቻ አይፈለግም ማለት ነው።

ቀደምት ዑለማእ ይህን ጉዳይ በአጅር ብቻ አላለፉትም። የቀይረዋኑ ፈቂህ ሙሐመድ ኢብኑ ሰሕኑን በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሕፃናት መምህራን በጻፉት ኪታብ፣ ቁርኣን ለሚያስተምረው ሰው ስለሚገባው ክፍያ ሳይቀር ተናግረዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዳኛ ተቆጥቶ ሳለ እንዳይፈርድ ከልክለዋል። ይህች መምህርት ከጠዋት እስከ ዙህር ስንት ክርክር ትፈርዳለች? ደክሟትና ተቆጥታ ስትፈርድ የሚጎዳው የማን ልጅ ነው?

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም። ክፍያ ሲጨመር ድሃው ወላጅ ልጁን ያስወጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አንዲት ረዳት ለመመደብ፣ በቀኑ መሐል ሃያ ደቂቃ ለማሳረፍ ምን ያህል ይጠይቃል? የወላጅ ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባው ስለ አጥሩና ስለ ግድግዳው ቀለም ከመነጋገሩ በፊት መምህርቷን አስጠርቶ ይጠይቃት።