ቀና ማለት ለማን?

ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ምዕራብ ባለችው በኤደን ፕሬሪ የተቀጠረ አንድ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ እናስብ። አሠልጣኝ ይመደብለትና «አለቃህን ዓይን ለዓይን ተመልከት፤ ‹ሠራን› አትበል፣ ‹ሠራሁ› በል» ይባላል። በአገሩ ጨዋነት የነበረው ዝምታ እዚህ እንደ ድክመት ይቆጠርበታል። ታዲያ መለወጡ ራስን መካድ ነውን?

ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እስከ 1966 ዓ.ም. አብዮት ድረስ ደጅ ጠኚው አደግድጎ እጅ መንሣትን መማር ነበረበት። ያን ጊዜ አንገት መድፋት ሹመት ያስገኝ ነበር፤ ዛሬ ቀና ማለት ዕድገት ያስገኛል። በሁለቱም ዘመን የሰው አኳኋን ለገበያ ቀርቧል። አሜሪካዊቷ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ አርሊ ሆክሺልድ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአውሮፕላን አስተናጋጆች ፈገግታ ሳይቀር በደመወዝ የሚሸጥ ጉልበት መሆኑን አስረድተዋል።

ይሁን እንጂ አዲሱን አቀራረብ መማር፣ የባዕድ ቋንቋ እንደ መማር ሁሉ፣ ክህደት አይደለም። ክህደት የሚሆነው «ሠራሁ» የሚለው ቃል የባልደረባን ድርሻ ሲውጥ ነው። አለቃውን ቀና ብሎ ማየት የተማረ፣ ቢሮውን የምታጸዳውንም ሠራተኛ እንዲሁ ይመልከት፤ ለእርሷ መብት ድምፁን ከፍ ካላደረገ የለወጠው አቋቋሙን ብቻ ነው።