የተበደለ ሕፃን ሲበድል

ፍርድ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ ይኸውም የተሠራውን ሥራና ሥራውን የሠራውን ሰው ነው። እንግዲህ በአጋሮ ወይም በሊሙ ገነት ለትምህርት ተብሎ ለዘመድ የተሰጠ አንድ ሕፃን፣ በቡና ለቀማ ወራት ከንጋት እስከ ማታ እሸት ቡና እየተሸከመ፣ በጅራፍና በረኃብ አደገ እንበል። ይህ ሰው በሃያ ዓመቱ በጠብ ነፍስ አጥፍቶ በጅማ ችሎት ቢቆም፣ ዳኛው ያንን ልጅነት ሊመለከትለት ይገባልን?

አይገባም የሚሉ ሰዎች የሚናቅ ምክንያት አያቀርቡም። እንደ እርሱ ተገርፈው አድገው በማንም ላይ እጃቸውን ያላነሡ ብዙዎች ናቸው፤ የሟቹም እናት ኀዘን በገዳዩ ልጅነት ምክንያት አያንስም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ ሥራ እንደሚጠየቅ አስተምሯል። ስለዚህ የተበደለ ሰው ነጻ ፈቃዱ አልተወሰደበትምና፣ ሲበድል ጥፋተኛ ነው።

ነገር ግን ጥፋተኛ መሆንና የቅጣቱ ልክ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ናቸው። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ቅጣት ሲወሰን የጥፋተኛው ያለፈ ሕይወት፣ የግል ኑሮውና የትምህርቱ ደረጃ እንዲታይ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 86ም በሕጉ ያልተዘረዘረ ማቅለያ ቢኖር ዳኛው ምክንያቱን ገልጦ እንዲቀበለው ይፈቅዳል። የልጅነት ሥቃይ የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው። የንስሐ አባትም ለሁሉ አንድ ቀኖና አይሰጥም፤ እንደ ቁስሉና እንደ አቅሙ ይሰጣል እንጂ። ይህንም ሲያደርግ ኃጢአትን አላቃለለም።

ሆኖም ዳኛ ያልተነገረውን አያውቅም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149 ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ ስለ ቅጣቱ ክርክር፣ ስለ ጠባዩም ምስክር እንዲሰማ ሥፍራ ሰጥቷል። በዚያች ሰዓት የሰውየውን ልጅነት የሚያውቅ ማን ነው? ጩኸቱን በአጥር ማዶ የሰማ ጎረቤት ነው፤ ጀርባውን ያየ መምህር ነው፤ ምናልባትም ጠበል ሊረጭ ወደዚያ ቤት የገባ ካህን ነው። በንስሐ የተነገረ ምሥጢር አይገለጥም፤ በዓይን የታየ ግፍ ግን ምሥጢረ ንስሐ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ዝም ቢሉ ዳኛው የሰውየውን እኩሌታ ብቻ አይቶ ይፈርዳል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፣ ሕፃንን መግረፍና ከአቅሙ በላይ ማሠራት በዚሁ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 የሚያስቀጣ በደል መሆኑን እንወቅ። ዘግይቶ ለቅጣት ማቅለያ የሚቀርበው ምስክርነት ሕፃኑ ገና በጅራፍ ሥር ሳለ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ነፍሳትን ባዳነ ነበር፤ የገዳዩንና የሟቹን።