ልጅ የሞተበት ቤት ሲኬድ

በዕድሜ የገፉ እናቶችን ስንት ልጅ እንዳላቸው የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ከጥያቄው ይሰፋል። «ዘጠኝ ወልጄ አምስት አሳደግሁ» ይላሉ። በሕይወት ያሉትን ብቻ ቆጥረው አይመልሱም። ኩፍኝ የወሰደውን፣ ክርስትና ሳይነሳ ያለፈውን፣ ተቅማጥ በሁለት ቀን የጨረሳትን ሁሉ ከነተራቸው ያውቋቸዋል። ከሞተ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ልጅ ዛሬም የእከሌ ታላቅ፣ የእከሊት ታናሽ ነው።

ለቅሶ ቤት ደርሶ ምን እንደሚል የሚጨነቅ ወጣት ከዚህ መልስ ቢነሳ ይበጀዋል። ልጇን የቀበረች እናት ዘንድ የሚገባው ለቀስተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚላት «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ነውና። የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። አባባሉ የመጣው ሞት በየጎጆው ከሚመላለስበት ዘመን ነው። በ1992 ዓ.ም በአገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር፤ ከስድስት ልጅ አንዱ ማለት ነው። በ2008ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። የዛሬ አልቃሽ የነገ ባለ ሐዘን በነበረበት ጊዜ ማጽናኛው ቢያጥር አይፈረድም። ያኔም ቢሆን ግን አላስረሳም። ቀጥሎ የተወለደውን ልጅ ምትኩ፣ ካሳ ወይም ማስረሻ ብሎ የሚጠራ ቤት የፊተኛውን በየቀኑ እያስታወሰ ይኖራል።

እናም ወጣቱ ለቀስተኛ «ትወልጃለሽ»ን ይተወው። «እግዜር ያጽናችሁ»፣ ሙስሊም ቤት ከሆነም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብሎ ቁጭ ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ መናገር የሚፈልግ የልጁን ስም ይጥራ። ብዙ ሰው ስሙን የሚሸሸው «ላስታውሳት ነው እንዴ?» ብሎ ነው፤ እናት የረሳች ይመስል። «እንዲህ ሲስቅ ትዝ ይለኛል» የሚል ጎረቤት ያስለቅሳታል፤ ያ ልቅሶ ግን አይጎዳትም። ልጇን ሌላ ሰው እንደሚያውቀውና እንደሚወደው ትሰማለች።

አባትየው ደግሞ ከድንኳኑ በር ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፣ ስለ ቀብሩ ይነጋገራል፣ ሒሳብ ይከፍላል። ዓይኑ እንባ ሲያቀርም «ወንድ ልጅ አይደለህም እንዴ፣ ጠንከር በል» ይባላል። አንዳንድ ሽማግሌ ንጉሥ ዳዊትን ይጠቅስለታል፤ ልጁ መሞቱን ሲሰማ ተነሥቶ ታጠበ፣ በላም ብሎ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ችግሩ ከመካከሉ መጀመሩ ነው። ዳዊት ከዚያ በፊት ልጁ በታመመባቸው ቀናት ጾሞ በመሬት ላይ ተኝቷል፤ የቤቱ ሽማግሌዎች ሊያነሡት ቢመጡም እምቢ ብሏል። ከተነሣም በኋላ ሚስቱን ቤርሳቤህን አጽናንቷል። ነቢዩ ሙሐመድም ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት በሰው ፊት አልቅሰዋል። ከባልደረቦቻቸው አንዱ ተገርሞ ሲጠይቃቸው እንባው የእዝነት መሆኑን ነገሩት። በዚያው ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሕዝቡ «ለልጁ ሞት ነው» ማለት ጀመረ፤ እሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት እንደማይጋረዱ ገለጹ። ሐዘናቸውን አልደበቁም፤ ሐዘናቸው ያልሆነ ነገር እንዲያስወራም አልፈቀዱም። ታዲያ ወጣት አባቶችን ከዚህ የበለጠ ጥንካሬ የሚጠይቃቸው ማነው?

በለቅሶ ቤት ከሁሉ በላይ የሚረሱት ግን ወንድምና እኅት ናቸው። ጎረቤት ተልከው ሦስት ቀን ቴሌቪዥን ሲያዩ ይቆዩና ሲመለሱ አንድ አልጋ ጎድሎ ያገኛሉ። «የት ሄደች?» ብሎ ለሚጠይቅ የአራት ዓመት ልጅ «ውጭ አገር ሄዳለች»፣ «ተኝታለች»፣ «እግዜር ወሰዳት» ማለት ለአዋቂው ይቀላል። ውጭ አገር የሄደ ሰው ግን ሻንጣ ይዞ ይመለሳል፤ ልጁም ኤርፖርት እንሂድ ይላል። ተኝታለች የተባለው ማታ አልጋ ላይ መውጣት ይፈራል። እግዜር ወሰዳት የተባለው ቀጥሎ ማን እንደሚወሰድ ያሰላስላል። በዚህ ዕድሜ ልጆች ሞት መመለሻ እንደሌለው ገና ስለማይረዱ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ። አሥር ጊዜ ቢጠይቁ አሥር ጊዜ ያንኑ አጭር እውነት መንገር ነው፦ ታማ ነበር፣ ሐኪሞች ሞከሩ፣ አልዳነችም፣ አትመለስም። «አንተ ስለመታሃት አይደለም» የሚለውም ሳይጠየቅ መነገር አለበት፤ ልጆች ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብለው ያምኑና ለማንም ሳይናገሩ ይይዙታልና። ሥዕል ሥሎ ወይም አበባ ይዞ መሰናበት የሚፈልግ ልጅም አይከልከል።

ከቀብር መልስ ዘመድ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። እናት ዓይኗ እንዳያየው ተብሎ ልብሱ፣ ጫማው፣ ጡጦው ሳይቀር ከቤት ይወጣል። አሳቢነት ነው፤ ሳይጠየቁ ከሆነ ግን ዝርፊያ ይመስላል። ቻርልስ ዳርዊን በ1851 እ.ኤ.አ. የአሥር ዓመት ልጁን አኒን ለሕክምና ማልቨርን ወደምትባል ከተማ ወስዶ እዚያው አጣት። እናቷ ኤማ የመውለጃዋ ጊዜ ስለተቃረበ ቤት ቀርታ ነበር፤ እሱም ቀብሩን ሳይጠብቅ ወደ እሷ ተመለሰ። ልጅቱ በሞተች በሳምንቷ ቁጭ ብሎ ጠባይዋን፣ ፊቷን፣ ፀጉሩን ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ስትፈጅ እንዴት እንደነበረች ጻፈ። ኤማ ደግሞ የልጇን የጽሕፈት ሣጥን ከነዕቃው አስቀመጠች። ሣጥኑ ከቤተሰቡ ሳይወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከዘራቸው አንዱ ራንዳል ኬይንስ በ2001 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጻፈበት። የዛሬ ወላጅ ስልኩ በፎቶና በቪዲዮ የተሞላ ነው፤ ስልክ ግን ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ወጣት ዘመድ ሊሠራው የሚችል ጥሩ ሥራ ይኸው ነው፤ ፎቶዎቹን ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ልጁ ያበላሸው የነበረውን ቃልና የሚወደውን ዘፈን ሳይደበዝዝ በደብተር ማስፈር።

በጣም ከባዱ ልጇን ለአያት ትታ ሪያድ ወይም ቤሩት የምትሠራ እናት ጉዳይ ነው። ቤተሰብ «ብቻዋን ናት፣ አንድ ነገር ትሆንብናለች» ብሎ ይደብቃታል፤ በደወለች ቁጥር ልጁ ተኝቷል፣ ጨዋታ ላይ ነው ይባላል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ቋንቋዋን የማይሰማ ሰው ቤት ውስጥ ናት። ሆኖም ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» የጻፈ አንድ የሰፈር ልጅ ምስጢሩን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል። መርዶ ድሮም ሰው ሰብስቦ በማለዳ የሚነገረው ባለ ሐዘኑ ብቻውን እንዳይሆን ነው። እዚያው አገር ያለች ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ፈልጎ፣ በዕረፍት ቀኗ በአካል እንዲነገራትና ያን ሌሊት አብራት የሚያድር ሰው እንዲኖር ማድረግ ይቻላል። ሙት ዓመቱም እሷ እስክትመለስ ቢቆይ የሚቆጣ የለም።

ልጅ የሞተበትን ወላጅ ሕጉም ብዙ አይረዳውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ልጁ ለሞተበት ሠራተኛ የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ነው፤ ለሚያገባም የሚሰጠው ያንኑ ሦስት ቀን ነው። በብዙ እድሮች ደንብም ለልጅ የሚከፈለው ለአባል ከሚከፈለው ያነሰ ነው፤ ለጨቅላ ሲሆን ድንኳን ሳይተከል የሚታለፍበት ቦታም አለ። አዋጁን ለመለወጥ ፓርላማ ያስፈልጋል። የእድር ደንብ ግን አባላት ራሳቸው በእሑድ ስብሰባ የሚያወጡት ነው። የአባቶቻቸውን የእድር ደብተር እየወረሱ ያሉ ወጣቶች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር ያስነሡ፦ ሕፃንም ሲሞት ድንኳኑ ይተከል፤ አርባው ካለፈ በኋላም፣ ሰው ሁሉ እግሩን በሚሰበስብበት ጊዜ፣ ያን ቤት እየሄዱ የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች ይመደቡ።