በአንድ ሲዲ ላይ ያለው ፕሮግራም ስንት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዊንዶውስም ለማክም ተብለው የተሸጡ የሶፍትዌር ሲዲዎች አንድ የፍልስፍና ጥያቄ በሆዳቸው ይዘዋል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አንድ፣ ዲስኩም አንድ ነው። ለዊንዶውስ የተሠራውን ግን ማክ አያስነሳውም፤ የማኩም ለዊንዶውስ ባዕድ ነው። ገዢው የገዛው አንድ ፕሮግራም ነው ወይስ ሁለት? እኔ አንድ ነው እላለሁ፤ አንድ የሚያሰኘው ግን የተሠራበት ነገርም ቅርጹም ሳይሆን የተገባው ቃል ነው።

ከዲስኩ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አይኤስኦ 9660 የተባለው የሲዲ ፋይሎች አደራደር ደንብ የመጀመሪያዎቹን 16 ሴክተሮች፣ ማለትም 32 ኪሎባይት፣ ክፍት ይተዋቸዋል። አዘጋጆች በዚህ ክፍት ቦታ የማክን ሰንጠረዥ እያስገቡ ዲስኩን ባለ ሁለት ማውጫ አደረጉት። ሥዕልና ድምፅ የያዙትን ፋይሎች ሁለቱም ማውጫዎች ከአንድ ቦታ ይጠቁማሉ፤ 650 ሜጋባይት ለሚይዝ ሲዲ ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም። ነገሩ ሰምና ወርቅን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ፣ የቅኔ ሰሚ ሁለቱንም እንዲያገኝ ይጠበቅበታል፣ እዚህ ግን ኮምፒውተሩ ለባለቤቱ የሚያሳየው የራሱን ፊት ብቻ ነው። (ሰሙ የትኛው፣ ወርቁ የትኛው እንደሆነ የማክና የዊንዶውስ ወዳጆች ይከራከሩበት።) ሆኖም የጋራ የሆነው ሥዕሉና ድምፁ ነው፤ የሚሠራው ክፍል፣ ፕሮግራም ያልነው እሱ ራሱ፣ ለየብቻ ተቀምጧል። አንድነቱ ከዲስኩ አልተገኘም።

የአሪስቶትል ወገን የሆነ ሰው “አንድነቱ በቅርጹ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ኮድ ወጥተዋል” ይለን ይሆናል። ጠንካራ ሙግት ነው። ነገር ግን ምንጩ ራሱ “ዊንዶውስ ከሆነ ይህን፣ ማክ ከሆነ ያንን” በሚሉ ቅርንጫፎች የተሞላ ነው። የፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ያለው ማክ የቁጥርን ባይቶች ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲደረድር ኢንቴል ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደረድራል። ከአንድ ኮድ የወጡ ሁለት ቅጂዎች ቁጥሮቻቸውን በማሽኑ ልማድ ብቻ ፋይል ላይ ካሰፈሩ አንዱ የሌላውን ማንበብ ያቅተዋል። በተቃራኒው ኮዳቸው ለየብቻ ቢጻፍም፣ በአንዱ የተጀመረ ሥራ በሌላው ከቀጠለ ተጠቃሚው ያለ ማመንታት አንድ ይላቸዋል። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃቫን አንዴ ተጽፎ የትም የሚሠራ ብሎ ሲያቀርብም ልዩነቱን ወደ ታች ገፋው እንጂ አላጠፋውም፤ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ጃቫ መጫን ግድ ነበር።

እንግዲህ አንድ የሚያደርጋቸው ኮዱ ሳይሆን ሽፋኑ ለገዢው የገባው ቃል ነው፦ በየትኛውም ማሽን ብትጭነው ያው ሥራ ይሠራልሃል። ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው ኢንስቶለር ይህ ቃል የሚፈጸምበት ቦታ ነው። በዊንዶውስ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ ማራገፊያም ያስቀምጣል፤ በማክ ብዙ ጊዜ ፎልደሩን ጎትቶ መገልበጥ ይበቃል። ሁለቱን ማሽኖች አንድ ዓይነት ማስተናገድ እኩል ማስተናገድ አይደለም።

“ቃሉ ከፈረሰስ? ፕሮግራሙ ያኔ ሁለት ይሆናል?” ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የፈረሰ ቃል ቃል መሆኑ አይቀርም፤ ጥፋት የምንለውም ስለዚህ ነው። ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.7 የፓወርፒሲ ፕሮግራሞችን በኢንቴል ማኮች ላይ የሚያስኬደውን ሮዜታን አስቀረ። ለፓወርፒሲ የተሠራው የድሮ ሲዲ አልተለወጠም፣ ሊታረምም አይችልም፤ ሽፋኑም “ለማክ” ማለቱን ቀጥሏል። አዘጋጁ ቃሉን አጠፈ ማለት ግን ይከብደኛል። በሽፋኑ ጀርባ በደቃቁ የታተመው፣ የትኛው ፕሮሰሰርና የትኛው የሲስተም ቁጥር እንደሚያስፈልግ የሚዘረዝረው መስመር ቃሉ ለማን እንደተገባ አስቀድሞ ተናግሯል።