ክለቡ የማን ነው?

ቲፎዞ «አሸነፍን» ይላል። ኳስ አልመታም፣ ሜዳም አልገባም፤ ምናልባት ጨዋታውን የተከታተለው ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በአንድ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ነው። ያም ሆኖ ንግግሩ «ክለባችን»፣ «ሜዳችን»፣ «ልጆቻችን» እያለ በባለቤትነት ቃላት የተሞላ ነው። ሕጉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ይናገራል። በሕግ ፊት ክለቡ አክሲዮን የገዛው ባለሀብት ወይም በጀት የመደበው መሥሪያ ቤት ንብረት ነው። ታዲያ የቲፎዞው «ክለባችን» ምን ዓይነት ቃል ነው? የፍቅር ማጋነን ብቻ ነው ወይስ እውነተኛ የመብት ጥያቄ ያዘለ?

ጥያቄው ለቡና ላይ ጨዋታ ብቻ የሚመች ይመስላል። ይሁንና በደቡብ ምዕራብ ለንደን አንድ ጊዜ ውሳኔ ተሰጥቶበታል። በ1889 የተመሠረተው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የዊምብልደን ክለብ በ1988 ኃያሉን ሊቨርፑል 1 ለ 0 ረትቶ የኤፍ ኤ ዋንጫን የወሰደ የሰፈር ክለብ ነበር። በ1991 ፕላው ሌን የተባለውን አሮጌ ሜዳውን ለቅቆ በሌላ ክለብ ስታዲየም በጥገኝነት መጫወት ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ባለቤቶቹ ክለቡን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሚልተን ኪንስ ከተማ ለመውሰድ ጠየቁ። ጉዳዩን የተመለከተው የሦስት ሰዎች ኮሚሽን ሜይ 28 ቀን 2002 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፈቀደ። ኮሚሽኑ፣ ደጋፊዎቹ አዲስ ክለብ ከታች ቢጀምሩ ይህ ለእግር ኳስ ሰፊ ጥቅም የሚበጅ አይደለም የሚል አስተያየትም ጨምሮበታል።

ደጋፊዎቹ ግን ያንኑ አደረጉ። በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ክለብ የሌለው ተጫዋች ሁሉ እንዲመጣ ጥሪ አስተላልፈው በዊምብልደን ሕዝባዊ መስክ ላይ ምርጫ አካሄዱ፤ 230 ያህል ሰው መጣ። ኤ ኤፍ ሲ ዊምብልደን ብለው የሰየሙት ቡድን ከእንግሊዝ የሊግ እርከኖች ዘጠነኛው ላይ ጀምሮ በ2011 ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ገባ። ባለቤትነቱንም ዶንስ ትረስት በተባለ ማኅበር ሥር አደረጉት፤ በማኅበሩ ውስጥ ብዙ ያለውም ጥቂት ያለውም አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ባለቤቶቹ ወደ ሚልተን ኪንስ የወሰዱት ጥቂት አልነበረም፤ የተጫዋቾቹን ውል፣ በሊጉ ያለውን ቦታ፣ ለጊዜውም ቢሆን ስሙን፣ የድል መታሰቢያዎቹን ሁሉ ወስደዋል። ያልወሰዱት ግን ቅዳሜ ከሰዓት ጎን ለጎን የሚቀመጡትን ጎረቤታሞች፣ አባት ለልጅ ያወረሰውን ልማድ ነው። ሰዎቹ ክለባቸውን ሲያጡ ክለቡ በእርግጥ ምን እንደነበረ ያወቁት ያን ጊዜ ይመስላል። በ2007 ደግሞ የሚልተን ኪንሱ ክለብ የ1988ቱን ዋንጫ ቅጂና ሌሎች የታሪክ ቅርሶችን ዊምብልደን ለሚገኝበት ለመርተን አውራጃ አስረከበ። ታሪክ እንደ አደራ ዕቃ ተመለሰ ማለት ነው፤ በንግድ ሕግ መዝገብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሆኖም ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። በ2005 በሚልተን ኪንስ የተወለደ ሕፃን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ የከተማውን ክለብ መለያ ለብሶ አድጓል። ስለ ስደቱ የሚያውቀው የለም፤ ክለቡን የሚወደው ከዊምብልደን ሽማግሌ ባልተናነሰ ልብ ነው። ባለቤትነት በፍቅር ብዛት የሚለካ ቢሆን ይህን ልጅ ማን ከደጅ ይመልሰዋል? ፍቅር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተሻለ መልስ የሚሰጠው የእድር ሥርዓት ነው። በእድር ከሟች ጋር ይበልጥ ይዋደድ የነበረ ሰው የተለየ መብት የለውም። መዋጮውን የከፈለ፣ ድንኳን የተከለ፣ ሲቀርም ቅጣቱን የተቀበለ ሰው ነው «እድራችን» የሚለው። ቲፎዞ ሲረታ «አሸነፍን» ሲረታ ደግሞ «ተሸነፉ» የማለት አመል ስላለው ይህ ሚዛን ለብዙዎች ይከብዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ሃምሳውም ሎሚ ሲይዙ ነው።

በዚህ በኩል ምሥራቅ አፍሪካ ለአውሮፓ የምትነግረው አላት። የዳሬሰላሞቹ ያንጋ በ1935፣ ሲምባ በ1936 ሲመሠረቱ የአባላት ክለቦች ነበሩ፤ አባሉ ካርዱን ይዞ በስብሰባ ይመርጣል፣ ይሽራል፣ ይጨቃጨቃል። ጭቅጭቁም ቢሆን የባለቤትነት ምልክት ነው። በ2017 ግን የሲምባ አባላት ክለቡ ወደ አክሲዮን ሥርዓት እንዲዞርና 49 በመቶው ለአንድ ባለሀብት እንዲሰጥ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ሲምባ በተከታታይ የሊግ ዋንጫ ወሰደ፤ በ2025ም ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። አባላቱ ቤታቸውን ሸጡ ብሎ መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ የሚበልጠውን ድርሻ ለራሳቸው አስቀርተው የወሰኑት እነርሱ ናቸው። በዊምብልደን የተፈጸመው በደል ክለቡ መንቀሳቀሱ ብቻ አልነበረም፤ የከፋው ቤተኛው ሳይጠየቅ መንቀሳቀሱ ነው። የሁለቱ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ክለቦች በመሥሪያ ቤት ወይም በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖሩ በመሆናቸው፣ በካታንጋ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ለዘመረው ደጋፊ ይህን ጥያቄ በስብሰባ ያቀረበለት እምብዛም ነው።

ባለቤት መሆን ግን ሌላ ፈተና አለው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የወሰነ ሰው በሩ ለማን እንደሚከፈትም ይወስናል። በናይሮቢ የ1964ቱ የአባሉህያ ክለብና የ1968ቱ ጎር ማህያ የተቋቋሙት በከተማው በተሰባሰቡ የሉህያና የሉዎ ተወላጆች ነው። ከአገር ቤት ርቆ ለመጣ ሠራተኛ ክለቡ ዘመድም፣ ሰንበቴም ነበር። በ1980 ገደማ መንግሥት የብሔር ስሞች እንዲቀሩ ሲያዝ አባሉህያ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት የሚያተርፍለት ስም ፈልጎ ኤ ኤፍ ሲ ሌፐርድስ ሆነ። ስሙ ተለወጠ፤ የተመልካቹ ስብጥር ግን በአዋጅ አልተለወጠም። ጎር ማህያ በ1987 የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ሲያነሣ ለኬንያ ክለብ የመጀመሪያው አህጉራዊ ድል ነበርና ያን ዕለት «አሸነፍን» ያለው ሉዎ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለውን በር የሚከፍተው ትእዛዝ አይደለም፤ እንግዳው ሲገባ ወንበር የሚለቅለት ነባር ሰው ነው።

ለሩቅ ክለብ ደጋፊውስ ምን ይባላል? በካምፓላ፣ በጁባ ወይም በጅቡቲ ሆኖ የእንግሊዝ ክለብ የሚደግፍ ሰው ለንደን ላይ ድምፅም ካርድም የለውም፤ ክለቡም በስም አያውቀውም። ስለዚህ ቢያንስ የራሱ ሊሆን የሚችለው ከመሰሎቹ ጋር የሚሠራው መሰብሰቢያ ነው። ዛሬ መሰብሰቢያው ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ የሚከፈት ቤት ሲሆን፣ የክለቡ ጥያቄ በትንሹ እዚያው ይደገማል። አንድ ትጉህ ሰው ይከፍተዋል፣ ወጪውን ይሸፍናል፣ ተሳዳቢውን ያስወጣል። ሌሎች ለዓመታት ታሪኩን፣ ፎቶግራፉን፣ ቀልዱን ያዋጡበታል። ከዕለታት አንድ ቀን ቁልፍ የያዘው ሰው ሲሰለቸው ወይም ገዢ ሲመጣለት ቤቱ ከእነ ትዝታው ይዘጋል፤ ወይም ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል። ከፋቹ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። የሚልተን ኪንስን መንገድ የሄዱት ባለቤቶችም ክለቡ በኪሳራ እንዳይፈርስ ነው የሚል ምክንያት ነበራቸው። እድር ጸሐፊና ዳኛ የሚመርጠው፣ ሒሳቡም በአባላት ፊት የሚነበበው፣ ሰብሳቢው ስለሚታማ ብቻ አይደለም። ደግ ሰውም ይታክታል፣ ይሞታልም።

የዊምብልደን ደጋፊዎች ይህን የተማሩት በውድ ዋጋ ነው። ከድሮው ፕላው ሌን በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት አዲስ ስታዲየም መሥራት ሲጀምሩ ገንዘብ አጠራቸውና ለውጭ ባለሀብት ድርሻ የመሸጡ ሐሳብ ተነሣ። አባላቱ በብርቱ ከተከራከሩ በኋላ በ2020 መጀመሪያ ለደጋፊው ራሱ የብድር ቦንድ ሸጡ፤ ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰበሰበ። ስታዲየሙ ኖቬምበር 3 ቀን 2020 ተከፍቶ ከዶንካስተር ጋር 2 ለ 2 ተለያዩ። ጊዜው የኮሮና ወረርሽኝ ስለነበር አንድም ደጋፊ እንዲገባ አልተፈቀደም፤ ባለቤቶቹ ለ29 ዓመታት የጠበቁትን ወደ ሰፈር መመለስ በየቤታቸው ተቀምጠው በስክሪን ተመለከቱት።