ስለ ኦርጋንና ስለ ልብ ንጽሕና

ወንድሞች ሆይ፤ በ1512 ዓ.ም. ምጽዋ የወረዱት የፖርቱጋል መልእክተኞች ለዓፄ ልብነ ድንግል ካመጡት ገጸ በረከት አንዱ ኦርጋን ነበረ፤ እርሱም ነፋስ በቧንቧዎች ሲያልፍ ዜማ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። በፓሪስ ያለው የኖትር ዳም ኦርጋን ወደ 8,000 የሚጠጋ ቧንቧ አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል እሳቱ ኦርጋኑን አልበላውም፤ ነገር ግን ከቀለጠው የጣራ እርሳስ የተነሣው ትቢያ ወደቀበትና ዝም አለ። ባለሞያዎች ቧንቧዎቹን አውርደው ጠረጉ፥ ድምፃቸውንም አንድ በአንድ አስማሙ፤ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተሰማ።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ምእመናን ሆይ፤ እንደ እሳት የሚያቃጥል ኃጢአት አላገኘንም ብላችሁ አትታበዩ። ሐሜትና ቂም ትቢያ ናቸው፤ ጥቂት በጥቂት ምስጋናን ያፍናሉ። እንግዲህ ከበሮና ጸናጽል ከማንሣታችሁ በፊት ከባልንጀራችሁ ታረቁ፥ ልባችሁንም በንስሐ ጥረጉ።